የሃቫና ወደብና ከተማ ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኩባ ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቶሎ የሚታወሳቸው የኦጋዴን ጦርነትና ወደ ደሴቲቱ ሄደው የተማሩት በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ናቸው። የዋና ከተማዋ የሃቫና ታሪክ ግን ከዚያ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ ይጀምራል። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በስፔን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ላይ ያተኩራሉ፤ ቀኖቹና ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሃቫና የተቆረቆረችው መቼና የት ነው?

ከተማዋ የምሥረታ በዓሏን የምታከብረው ኖቬምበር 16 ሲሆን፣ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረውም ዓመት 1519 ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕለት ከተማዋ አሁን ባለችበት ስፍራ የረጋችበት እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመሠረተችበት አይደለም። ኩባን በወረረው በዲዬጎ ቬላስኬስ ሥር የነበሩት ስፔናውያን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው በደሴቲቱ ደቡባዊ ጠረፍ ሳን ክሪስቶባል ደ ላ ሃባና የተባለች መንደር መሥርተው ነበር፤ ስፍራው ስላልተስማማቸው ግን ስሟን እንደያዙ ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ተሻገሩ። የሰሜኑ የባሕር ወሽመጥ ለመርከበኞች እንግዳ አልነበረም፤ ሴባስቲያን ደ ኦካምፖ ደሴቲቱን በመርከብ ሲዞር በ1508 ገደማ እዚያ ቆሞ መርከቦቹን ጎን ለጎን አጋድሞ አስጠግኗል።

በአፈ ታሪኩ መሠረት የመጀመሪያው ቅዳሴና የመጀመሪያው የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ የተካሄዱት ሴይባ በሚባል ግዙፍ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ለዚሁ መታሰቢያ በ1828 ኤል ቴምፕሌቴ የተባለ ትንሽ ሕንፃ ተሠርቷል፤ በየዓመቱም በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ነዋሪዎች ተሰልፈው በግቢው ያለውን ሴይባ ሦስት ጊዜ እየዞሩ ስእለት ይሳላሉ። ዛፉ በእርግጥ የጥንቱ አይደለም፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተተካ የመጣ ነው። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የነበሩት የታይኖ ሰዎች ግን የተተካላቸው የለም፤ ከወረራው በኋላ በጥቂት አስርት ዓመታት ውስጥ በጦርነት፣ በግዳጅ ሥራና ከባሕር ማዶ በመጣ በሽታ ክፉኛ ተመናምነዋል።

የዋና ከተማነቱን ክብር ከሳንቲያጎ ለምን ወሰደች?

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወደቧ ጥሩ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ከሃቫና በፊት የገዥው መቀመጫ የነበረችው ሳንቲያጎ ደ ኩባም እጅግ ጥሩ ወደብ ስላላት ይህ ብቻውን አያሳምንም። ልዩነቱን የፈጠሩት ነፋስና የውቅያኖስ ጅረት ናቸው።

ከአውሮፓ ወደ ካሪቢያን የሚመጣ ባለሸራ መርከብ ከምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ተከትሎ ይገባል፤ በመጣበት ልመለስ ቢል ግን ያንኑ ነፋስ ፊት ለፊት መግጠም ይሆንበታል። የመመለሻው በር ያለው በሌላ በኩል ነው። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ብርቱ የውቅያኖስ ጅረት በኩባና በፍሎሪዳ መካከል አልፎ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ መርከቦችም በእሱ ተገፍተው ወደ ላይ ከወጡ በኋላ ከምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ይዘው ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ። ስፔናውያን ይህን ጅረት በ1513 በፍሎሪዳ ጠረፍ ሲያገኙት፣ ነፋሱ ሸራቸውን ሞልቶት እያለ መርከቦቻቸው ወደ ኋላ ይወሰዱ እንደነበር በጉዞው ዘገባ ተመዝግቧል። ሃቫና የተቀመጠችው እዚሁ በር ደጃፍ ላይ ነው፤ ሳንቲያጎ ደግሞ በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ትገኛለች።

የሜክሲኮና የፔሩ ብር ወደ ስፔን መጓዝ ሲጀምር የዚህ አቀማመጥ ዋጋ ወዲያው ታወቀ። የሜክሲኮን ብር ጭኖ ከቬራክሩስ የሚነሳው የመርከብ ጓድና የፔሩን ብር ከካርታሄናና ከፖርቶቤሎ የሚያመጣው ጓድ በሃቫና ይገናኙና በጦር መርከቦች ታጅበው አብረው ወደ ሴቪል እንዲያመሩ ተደረገ። ገዥው በ1553 መቀመጫውን ከሳንቲያጎ ወደ ሃቫና እንዲያዛውር ታዘዘ፤ ንጉሥ ፊሊፔ 2ኛ በ1592 የከተማነት ማዕረግ ሰጣት፤ በ1607ም የደሴቲቱ ዋና ከተማ መሆኗ በንጉሣዊ ትእዛዝ ጸደቀ። በ1634 የወጣ ሌላ ንጉሣዊ ሰነድ ደግሞ «የአዲሱ ዓለም ቁልፍ» ብሎ ይጠራታል። የከተማዋ አርማ ሦስት ግንቦችና አንድ ቁልፍ ያሉበትም ከዚህ የተነሳ ነው። ሃቫና እንግዲህ በምታመርተው ነገር ሳይሆን በእሷ በኩል በሚያልፈው ነገር ዋና ከተማ የሆነች ናት፤ የቀረው ታሪኳ ሁሉ ከዚህ ይቀዳል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመርከብ ጓዶቹ ወደቡ ላይ ሲቆዩ ከተማዋ እንዴት ትኖር ነበር?

መርከቦቹ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ሲጠገኑና ስንቅ ሲጭኑ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በወደቡ ያሳልፉ ነበር። በዚያ ጊዜ በትንሿ ከተማ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መርከበኞች፣ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና መንገደኞች ይፈስሳሉ፤ የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋም ይንራል። በአካባቢው ያሉ የከብት እርባታዎች በጨው የደረቀ ሥጋና ቆዳ ያቀርባሉ፤ ገበሬዎች ደግሞ ከካሳቫ ሥር የሚጋገረውን፣ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን ደረቅ ቂጣ ለመርከብ ስንቅ ይሸጣሉ። መርከቦቹ ሲሄዱ ከተማዋ ጭር ትላለች፤ ነዋሪውም በዚያ ወቅት ባገኘው ገቢ የቀረውን ዓመት ይገፋል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ትልቁን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሲሆኑ ሌሎቹ ነፃ የወጡ ነበሩ። ምግብ አብስለው ይሸጣሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ለመርከበኞች ማደሪያ ያከራያሉ። በባርነት ያሉት ከሚያገኙት ላይ የተወሰነውን ለጌቶቻቸው ከፍለው ቀሪውን ያጠራቅማሉ፤ አንዳንዶችም በዚያ ገንዘብ ነፃነታቸውን በየጊዜው እየከፈሉ ይገዛሉ። በሃቫና ነፃ ጥቁር ኅብረተሰብ ቀደም ብሎ ሊፈጠር የቻለው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው።

ውኃ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ከተማዋ የምንጭ ውኃ ስላልነበራት፣ ከአልሜንዳሬስ ወንዝ ወደ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦይ ተቆፍሮ በ1592 ተጠናቀቀ። ቦዩ ሳንሃ ሬአል ይባላል፤ ከፍጻሜው አጠገብ፣ ከካቴድራሉ አደባባይ በምትወጣው ጠባብ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ፣ ይህን ውኃ ያመጣው ገዥው ሁዋን ደ ቴሔዳ መሆኑን የሚገልጽ የድንጋይ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። የቦዩ ውኃ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ባሕር የሚሻገሩትን መርከቦች በርሜሎች መሙላት ነበረበት።

ይህን ያህል ምሽግ ለምን አስፈለገ?

በ1555 ጃክ ደ ሶርስ የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር ወንበዴ ከተማዋን ይዞ ዘረፋት፤ የተመኘውን ያህል ሀብት ሲያጣም አቃጠላት። ከዚያ በኋላ በ1558 የላ ሬአል ፉዌርሳ ምሽግ ግንባታ ተጀምሮ በ1577 ተጠናቀቀ። በወፍራም ግንቡና ዙሪያውን በከበበው ውኃ የተሞላ ቦይ የሚያስፈራ ቢሆንም ከወደቡ አፍ ወደ ውስጥ ርቆ የተሠራ በመሆኑ ለመከላከል ያን ያህል አልጠቀመም፤ ለረጅም ጊዜ የገዥዎች መኖሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ስሕተቱን ያረመው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ባቲስታ አንቶኔሊ ነው። ከ1589 ጀምሮ በወደቡ ጠባብ መግቢያ ግራና ቀኝ ሁለት ምሽጎች እንዲቆሙ አደረገ፦ በምሥራቅ በኩል በቋጥኙ አናት ላይ ኤል ሞሮ፣ በምዕራብ በኩል ላ ፑንታ። ሥራው እየተጓተተ ቆይቶ ኤል ሞሮ የተጠናቀቀው በ1630 ነው። በሁለቱ መካከል ሌሊት መግቢያውን የሚዘጋ ሰንሰለት ይዘረጋ ነበር። ለምሽጎቹና ለወታደሮቹ የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው ከሜክሲኮ ግምጃ ቤት የሚላክ ብር ነበር።

ስጋቱ ባዶ አልነበረም። በ1628 ሆላንዳዊው አድሚራል ፒት ሄይን የሜክሲኮን ብር የጫኑትን መርከቦች ሃቫና ሳይደርሱ በማታንሳስ ወሽመጥ አግኝቶ ማርኳቸዋል። ከ1674 ጀምሮ ደግሞ ከተማዋን በየብስ በኩል የሚከብብ ግንብ መሠራት ተጀመረ፤ የግንቡ በሮችና የወደቡ ሰንሰለት መዘጋታቸው ማታ በመድፍ ተኩስ ይታወጅ ነበር። ግንቡ ከ1863 ጀምሮ ፈርሷል፤ ተኩሱ ግን ቀርቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ዛሬም በየምሽቱ በሦስት ሰዓት የጥንት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች መድፉን ይተኩሳሉ፤ ብዙ የሃቫና ነዋሪም ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚያ ነው።

እንግሊዞች በ1762 ከተማዋን ሊይዟት የቻሉት እንዴት ነው?

ስፔን በሰባቱ ዓመታት ጦርነት ከፈረንሳይ ጎን ስትሰለፍ እንግሊዝ በሎርድ አልበማርልና በአድሚራል ፖኮክ የሚመራ፣ ከአሥር ሺህ በላይ ወታደሮችን የያዘ ግዙፍ ኃይል ላከች። ሃቫና ጥቃት ይመጣል ብላ የምትጠብቀው በወደቡ አፍ በኩል ነበር። እንግሊዞች ግን በጁን መጀመሪያ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለው ጠረፍ ወርደው ከጀርባ መጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ሆኑ። አንደኛው፣ ከኤል ሞሮ ጀርባ ያለውና ወደቡንም ከተማዋንም ቁልቁል የሚያየው የላ ካባኛ ኮረብታ ምሽግ ሳይሠራበት መቅረቱ ነው፤ አደጋው አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር ይህ ከቸልተኝነት በቀር ሌላ ስም የለውም። ሁለተኛው፣ ስፔናውያን የወደቡን መግቢያ ለመዝጋት ሲሉ ሦስት የገዛ ራሳቸውን የጦር መርከቦች በአፉ ላይ ማስመጣቸው ነው። በዚህም ጠላት እንዳይገባ ሲከለክሉ የራሳቸው መርከቦች እንዳይወጡ አደረጉ፤ ወደብ ውስጥ የቀረው የጦር መርከብ ጓድ አንድም ጊዜ ወጥቶ ሳይዋጋ በኋላ በምርኮ ተወሰደ።

የኤል ሞሮ አዛዥ ሉዊስ ደ ቬላስኮ ከሳምንታት ድብደባ በኋላም ምሽጉን አላስረከበም። እንግሊዞች ከሥር ቋጥኙን ፈልፍለው ባሩድ ቀበሩና ጁላይ 30 አፈነዱት፤ በተከፈተውም ቀዳዳ ገቡ። ቬላስኮ በዚያ ውጊያ ቆስሎ በማግስቱ ሞተ፤ ከተማዋም በኦገስት አጋማሽ እጇን ሰጠች። ከስፔን ጎን ነፃ የጥቁሮች ሚሊሺያና በባርነት የነበሩ ሰዎችም ተዋግተዋል፤ ከኋለኞቹ አንዳንዶቹ በጀግንነታቸው ነፃነት ተሰጥቷቸዋል። አሸናፊዎቹን ደግሞ ቢጫ ወባና ተቅማጥ ፈጃቸው፤ በበሽታ የሞተባቸው በውጊያ ከሞተባቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እንግሊዞች ከተማዋን የያዟት አሥራ አንድ ወር ለሚሆን ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በ1763ቱ የፓሪስ ውል ፍሎሪዳን ተቀብለው ለስፔን መለሷት። ስፔን ወዲያውኑ በላ ካባኛ ኮረብታ ላይ እጅግ ሰፊ ምሽግ ማሠራት ጀመረች፤ በ1774 ተጠናቀቀ። ወጪውን የሰማው ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ «ይህን ያህል የፈጀ ግንብ ከማድሪድ መታየት አለበት» ብሎ መነጽር አስመጣ የሚል ቀልድ ይነገራል።

ሃቫና መርከብ ትሠራ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የደሴቲቱ ጠንካራ እንጨት፣ በተለይም የማሆጋኒና የሴድሮ ዛፍ፣ እንጨት የሚበላውን የሞቃት ባሕር ትል በተሻለ ይቋቋም ስለነበር በ18ኛው መቶ ዘመን የሃቫና መርከብ መሥሪያ ከስፔን ግዛቶች ታላላቆቹ አንዱ ሆኗል። በ1769 ውኃ ላይ የዋለችው ሳንቲሲማ ትሪኒዳድ ከዘመኗ የጦር መርከቦች መካከል እጅግ ግዙፏ ነበረች፤ በ1805 በትራፋልጋር ውጊያ ተማርካ ከውጊያው በኋላ በተነሳው ማዕበል ሰጠመች።

ስኳር ከተማዋን እንዴት ለወጣት?

በ1791 በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በሳን ዶሚንግ፣ በዛሬዋ ሄይቲ፣ በባርነት የነበሩት ሰዎች ሲነሱ የዓለም ትልቁ የስኳር አቅራቢ ከገበያ ወጣ። የሃቫና ባለጸጎች ይህን ክፍተት ለመሙላት በከተማዋ ዙሪያ ያለውን ለም ምድር በሸንኮራ አገዳ ሸፈኑት። እስከዚያ ድረስ የሌላውን ሀብት እየጠበቀች ታሳልፍ የነበረች ከተማ አሁን የራሷን ጭነት ወደ ውጭ ትልክ ጀመር።

ዋጋውን የከፈሉት አፍሪካውያን ናቸው። በባሪያ ንግዱ ዘመን በሙሉ ወደ ኩባ የገቡት አፍሪካውያን ከ700 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የመጡት ከ1790 በኋላ ነው። ስፔን በ1817 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋለችው መሠረት ንግዱ ከ1820 ጀምሮ ሕገ ወጥ ሆነ፤ ነገር ግን ባለሥልጣናቱ ጉቦ እየተቀበሉ አይተው እንዳላዩ ስለሚሆኑ ለአርባ ዓመታት ያህል ቀጥሏል። ከዚያ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተሠሩትን ውብ ቤተ መንግሥቶችና ባለ ዓምድ መኖሪያዎች የሚያደንቅ ጎብኚ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባዋል። ባርነት በኩባ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1886 ነው።

ሆሴ አንቶኒዮ አፖንቴ ማን ነበር? ከኢትዮጵያስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አፖንቴ ከሃቫና ግንብ ውጭ የሚኖር ነፃ ጥቁር አናጢና እንጨት ቀራጭ ሲሆን በነፃ ጥቁሮች ሚሊሺያ ውስጥም አገልግሏል። በ1812 ባርነትን ለማጥፋት በተጠነሰሰው አመፅ መሪነት ተከስሶ ተያዘ። ቤቱ ሲፈተሽ በሳጥን ውስጥ አንድ መጽሐፍ ተገኘ፤ መጽሐፉ በራሱ እጅ የተሣሉና ከሌሎች ኅትመቶች ተቆርጠው የተለጠፉ ሥዕሎች ነበሩበት። መርማሪዎቹ ገጽ በገጽ እያገላበጡ «ይህ ማን ነው? ያ ምን ማለት ነው?» ሲሉ ለቀናት ጠየቁት።

በሥዕሎቹ መካከል ጥቁር ነገሥታት፣ ጥቁር ካህናትና ጥቁር ወታደሮች ነበሩ፤ አፖንቴም የአቢሲኒያን ነገሥታትና አውሮፓውያን ካህኑ ዮሐንስ የሚሉትን የኢትዮጵያ ንጉሥ እየጠቀሰ አስረዳ። አያቱ በሚሊሺያው ጦር ውስጥ ሆኖ በ1762 ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ የሚያሳይም ሥዕል ነበረው። ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ፣ በባሪያ ንግድ ከተማ የሚኖር አንድ አናጢ ጥቁር ሕዝብ ነፃ መንግሥትና ጥንታዊ ክርስትና እንዳለው ለባልንጀሮቹ ለማሳየት የኢትዮጵያን ምሳሌ መምረጡ፣ ከዐድዋ ድል ሰማንያ አራት ዓመት በፊት የሆነ በመሆኑ በተለይ ትኩረት የሚገባው ነው። አፖንቴ ኤፕሪል 9 ቀን 1812 ከጓደኞቹ ጋር ተሰቀለ፤ ራሱም ተቆርጦ በብረት ጎጆ ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ስለ ይዘቱ የምናውቀው በምርመራው ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው።

ባቡር ከስፔን ቀድሞ ኩባ ገብቷል?

አዎ። ከሃቫና እስከ ቤሁካል ያለው መስመር በኖቬምበር 1837 ሥራ ሲጀምር በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ በስፔን ምድር የመጀመሪያው መስመር የተከፈተው በ1848 ነው። ምክንያቱ ስኳሩን ወደ ወደቡ ማድረስ ነው፤ በዝናብ ወቅት በጭቃ የሚዘጋው የበሬ ጋሪ መንገድ ለነጋዴዎቹ ከፍተኛ ኪሳራ ነበር።

የኮሎምበስ አፅም በሃቫና ተቀብሮ ነበር?

የእሱ ነው የተባለ አፅም በ1796 ከሳንቶ ዶሚንጎ መጥቶ በሃቫና ካቴድራል ተቀምጦ ነበር፤ ስፔን በ1898 ኩባን ስታጣ ወደ ሴቪል ተወሰደ። ይሁን እንጂ በ1877 በሳንቶ ዶሚንጎ ካቴድራል ስሙ የተጻፈበት ሌላ የእርሳስ ሣጥን ስለተገኘ ዶሚኒካውያን እውነተኛው የእኛ ነው ይላሉ።

የስፔን አገዛዝ በሃቫና ያበቃው እንዴት ነው?

ኩባውያን ከ1868 ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት ለነፃነት ተዋግተዋል። የመጨረሻው ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1898፣ ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሃቫና ወደብ ውስጥ ፈነዳችና ከ260 በላይ መርከበኞች ሞቱ። የአሜሪካ ጋዜጦች ወዲያው ስፔንን ወነጀሉ፤ በ1976 የወጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባለሙያዎች ጥናት ግን መንስኤው በመርከቧ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ የተነሳ እሳት ሳይሆን እንደማይቀር ደምድሟል። ያም ሆነ ይህ አሜሪካ ጦርነት ገጥማ አሸነፈች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1899 በሃቫና የስፔን ባንዲራ ሲወርድ የተሰቀለው የኩባ ሳይሆን የአሜሪካ ባንዲራ ነበር፤ ኩባ ሪፐብሊክ የሆነችው በሜይ 1902 ነው።

የዚህ ዘመን አንድ ትልቅ ውጤት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሃቫናዊው ሐኪም ዶክተር ካርሎስ ፊንላይ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው የወባ ትንኝን የመሰለች አንዲት የትንኝ ዓይነት መሆኗን በ1881 ቢያስረዱም የሰማቸው ጥቂት ነበር። በ1900 በአሜሪካ ጦር ሐኪሞች የተደረገው ሙከራ ትክክለኛነታቸውን አረጋገጠ፤ በትንኟ ላይ በተከፈተው ዘመቻም የእንግሊዝን ጦር የፈጀው በሽታ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከከተማዋ ጠፋ።

አሮጌው ከተማ እንዴት ሊተርፍ ቻለ?

በከፊል በእንክብካቤ፣ በከፊል ደግሞ በገንዘብ እጦት ነው። ከ1959ኙ አብዮት በኋላ በአሮጌው ሰፈር ትልልቅ ዘመናዊ ሕንፃዎችን የሚያቆም ባለሀብት ስላልነበረ የጥንቱ አልፈረሰም፤ ጥገናም ስላልነበረ ብዙው አረጀ። ዩኔስኮ በ1982 አሮጌውን ከተማና ምሽጎቹን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት ኤውሴቢዮ ሌአል ከሆቴሎችና ከምግብ ቤቶች የሚገኘውን ገቢ መልሶ ለእድሳት የማዋል አሠራር በ1990ዎቹ ዘርግተው እስከ ሞቱበት እስከ 2020 ድረስ ሥራውን መርተዋል። እድሳቱ በዋና ዋናዎቹ አደባባዮች ዙሪያ ያማረ ቢሆንም፣ ጥቂት መንገዶችን ራቅ ሲሉ ጣሪያቸው በዝናብ የሚደረመስ መኖሪያ ቤቶች አሁንም ብዙ ናቸው።

ወደቡ ዛሬም ይሠራል?

የሽርሽር መርከቦችና አነስተኛ ጭነቶች ያስተናግዳል፤ ዋናው የኮንቴይነር ሥራ ግን በ2014 ከሃቫና በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተከፈተው በማሪኤል ወደብ ይከናወናል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በ1958 በወደቡ መግቢያ ሥር የተሠራው የመኪና ዋሻ ነው፤ ዋሻው ስላለ መግቢያውን ቆፍሮ ማጥለቅ አይቻልም፤ ጥልቅ ውኃ የሚሹት የዘመኑ ግዙፍ የጭነት መርከቦችም በኤል ሞሮ ሥር ማለፍ አይችሉም።